በኡርጂ ስም የተጻፈው መስመር

ገጹ አልከፈት አለ። ኢቲዳል የገጹን ማደሻ ቁልፍ ለአስራ አንደኛ ጊዜ ተጫነች። ስክሪኑ ላይ ትንሿ ክብ ምልክት ትሽከረከራለች፤ ጠረጴዛው ሥር ደግሞ የኢቲዳል ቀኝ እግር ይንቀጠቀጣል። ውጭ የነሐሴ ዝናብ የኮምፒውተር ክፍሉን ቆርቆሮ ይደበድባል። አሶሳ ውስጥ ዝናብ ሲመጣ ኔትወርክ ይሄዳል፤ ሁለቱ አብረው የታዩበትን ቀን የሚያስታውስ ሰው የለም።

«እግርሽን አሳርፊው እንጂ፣ ጠረጴዛውን ልታፈርሺው ነው» አሏት መምህር ነብዩ። የአይሲቲ መምህር ናቸው። ክረምቱን ትምህርት ቤቱ ቢዘጋም፣ ለኮምፒውተር ክለቡ ልጆች ሲሉ ክፍሉን በሳምንት ሦስት ቀን ይከፍታሉ።

«እሺ ቲቸር» አለች፤ እግሯ ግን አልሰማም።

የምትጠብቀው የሰው መልእክት አይደለም። «ቀጠሮ» የሚባል የስልክ መተግበሪያ አለ። በጤና ኬላዎች የሕፃናትን የክትባት ቀን ይመዘግባል፣ ቀኑ ሲቃረብም ለወላጆች አጭር መልእክት ይልካል። የሚሠሩት ሰዎች በየአገሩ የተበተኑ፣ ተያይተው የማያውቁ ናቸው። ኮዱ ኦፕን ሶርስ ስለሆነ ለማንም ክፍት ነው። የፈለገ ያነበዋል፣ መሻሻል አለበት ያለውን መስመር ጽፎ ይልካል፣ የፕሮጀክቱ ኃላፊዎች ካመኑበት ይቀበሉታል። እያንዳንዱ ለውጥ ማን እንዳደረገው፣ በየትኛው ቀንና ሰዓት እንዳደረገው ተመዝግቦ ይቀመጣል። የተጨመረው መስመር በአረንጓዴ፣ የተሰረዘው በቀይ ይታያል። የተሰረዘው እንኳ አይጠፋም፤ ማን እንደሰረዘው ተጽፎ ይኖራል።

የክፍሏ ልጆች ቲክቶክ ሲያዩ ኢቲዳል ይህ መዝገብ ያለበትን ገጽ ታያለች። አስራ አምስት ዓመቷ ነው፣ አስረኛ ክፍልን ጨርሳለች፣ ፊታቸውን አይታቸው የማታውቃቸውን ሰዎች በጸባያቸው ትለያቸዋለች። አንዱ ከሚጨምረው የሚሰርዘው ይበዛል። ሌላው ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ብቅ ይላል። ሚሬላ የምትባለዋ ኃላፊ ደግሞ አንዲት ነጥብ ስትጎድል ሦስት መስመር ምክር ትጽፋለች። ማን ምን ለወጠ፣ ለምን ለወጠ እያለች ስትከታተል ምሳዋን የምትረሳበት ቀን አለ።

አንዱን ለውጥ ግን በቃሏ ታውቀዋለች። ሚያዝያ ላይ የተቀበሉት ነው። «ቀጠሮ» ቀኑን በፈረንጆች አቆጣጠር ብቻ ያሳይ ስለነበር፣ የጤና ኬላ ሠራተኞች ቁጭ ብለው በጣታቸው እየቆጠሩ ወደ እኛ ቀን ይመልሱት ነበር። አሁን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ያሳያል። ያንን ኮድ ኢቲዳል በአስራ ዘጠኝ ቀን ጻፈችው። መዝገቡ ላይ ግን እንዲህ ይላል፦ ኡርጂ ዳበሳ።

ነገሩ በተንኮል አልተጀመረም። በክለቡ ኢንተርኔት ያለው አንድ ኮምፒውተር ብቻ ነው። አካውንት ለመክፈት በስልክ የሚመጣ የማረጋገጫ ቁጥር ያስፈልግ ነበር፤ ከአምስቱ የክለቡ ልጆች የራሷ ስልክ ያላት ደግሞ ኡርጂ ብቻ ነበረች። በእሷ ስም ተከፈተ። ከዚያ በኋላ ሁሉም በዚያው ይጠቀም ጀመር። ከአንድ ትሪ ሲበላ ማን የትኛውን ጎረሰ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ጥያቄው የመጣው በሰኔ፣ በትምህርት መዝጊያው ቀን ነው። መምህር ነብዩ ማይክሮፎን ይዘው «የእኛ ትምህርት ቤት ተማሪ የጻፈችው ኮድ ዓለም ላይ ደርሷል» አሉና የኡርጂን ስም ጠሩ። ጭብጨባው ቀለጠ። ኢቲዳል ጓደኛዋ እጇን አንስታ «ኧረ እኔ አይደለሁም» እስክትል ጠበቀች። ኡርጂ ጫማዋን አየች። ከዚያ ወጥታ ሽልማቷን ተቀበለች።

«በኋላ እነግራቸዋለሁ፣ ማሎ፣ እባክሽ» አለቻት ሲወጡ፣ ክንዷን ይዛ። በኋላ የተባለው አልመጣም። በሐምሌ አንድ ጋዜጠኛ ጠይቋት «ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ» ስትል ኢቲዳል በአባቷ ሬዲዮ ሰማች። ከውሸቱ ይልቅ ያቺ «ሁለት ሳምንት» አንገበገበቻት። አስራ ዘጠኝ ቀን ነበር። አሁን ደግሞ ኡርጂ አዲስ አበባ ለሚሰጥ የአስር ቀን ስልጠና ተመርጣለች፤ ነገ ሐሙስ ጠዋት ትሄዳለች።

ኢቲዳል ቅሬታዋን ለማንም አልተናገረችም። ማታ ማታ ግን ስሟ መዝገቡ ላይ የሚወጣበትን ቀን በሐሳቧ ትጽፈው ነበር። ትልቅ ለውጥ ይሆናል፣ ሚሬላ እንኳ የምታርመው ነጥብ የሌለበት፣ ከላዩ «ኢቲዳል ማህጁብ» የሚል።

ገጹ እንቢ እንዳለ የምሳ ሰዓት ደረሰ።

ቤት ስትገባ ልብስ ሰፊው አባቷ ስልኩን ዘረጋላት። «አክስትሽ ናት። ሦስቴ ደወለች።»

አክስቷ ራዲያ በመንጌ ወረዳ፣ ከከተማው ራቅ ባለ ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ያን ኮድ ማን እንደጻፈው ከክለቡ ልጆች ሌላ የምታውቅ እሷ ብቻ ነች። አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ስለሆነ ሴቱን በወንድ ትጠራለች።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ሰላም ነሽ? አልሃምዱሊላህ። ስሚኝ፣ ስልክ ስምንት ይላል። ግድግዳ ሰባት ይላል።»

«ምኑ ነው ሰባት?»

«የመስከረም ሰኞ። ነሐሴ አስራ አምስት የተከተበ ሕፃን አራት ሳምንት ሲሞላው ሰኞ ነው አይደል? ግድግዳ ላይ ያለው አዲሱ ካሌንደር ሰኞ ሰባት ይላል። ስልክ ስምንት ይላል። እኔ ስልክ ይበልጣል ብዬ አስራ አራት ካርድ ላይ ስምንት ጻፍኩ። ኢቲዳል የሠራው ነገር አይሳሳትም አልኩ።»

«አክስቴ፣ ስምንት እኮ ማክሰኞ ነው።»

«ማክሰኞ ክትባት የለም። ሞተረኛው ኻሚስ የክትባት በረዶ ሳጥን ሰኞ ያመጣል፣ ሰኞ ይመልሳል። ባለፈው ዓመት አንዷ እናት ከወንዝ ማዶ ሕፃን አዝሎ ማክሰኞ መጣ። የለም ሲባል ተመለሰ። ወላሂ፣ ቤቱ ድረስ ሄጄ ለመንኩ። ሁለተኛ አልመጣም።» በስልኩ ውስጥ ካርዶች ሲገላበጡ ተሰማ። «የቱን ልያዝ? የስልኩን ነው የግድግዳውን?»

«የግድግዳውን። ካርዶቹን ሰባት ብለሽ አርሚያቸው።»

«ስልክ ተበላሸ?»

«አዎ» አለች ኢቲዳል። «ስልኩ ሳይበላሽ አይቀርም።»

ስልኩ ምንም አልሆነም። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እንዴት ቀላል እንደነበር ገረማት። አባቷ ስልኩን ይዞ ጨርቅ ሊገዛ ወደ ባምባሲ ሄደ፤ እሷም ዝናቡ እስኪያባራ ሳትጠብቅ ወደ ትምህርት ቤት ሮጠች።

ኔትወርኩ ተመልሷል። ኮዷን ከፈተችና መስመር በመስመር ወረደች። አርባ ሦስተኛው መስመር ላይ ቆመች። «ጳጉሜ፣ አምስት» ይላል። ከዚያ ቀጥሎ ምንም የለም።

ጳጉሜ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት እንደምትሆን አራተኛ ክፍል ያለ ልጅ ያውቃል። ኢቲዳልም ታውቃለች። ዘንድሮ፣ በ2015፣ ስድስት ናት። ችግሩ ኮዱን ስትጽፍ የምታውቀውን ትታ የምታየውን መጻፏ ነው። ቤታቸው የሚቆጠረው ረመዳንና ሸዋል ነው፤ የጳጉሜን ነገር ቆሞ የሚያወራ ሰው የለም። ከኮምፒውተሩ በላይ ያለው ግድግዳ ላይ ደግሞ ሥዕሉ ያምራል ተብሎ ማንም ያላወረደው የአምናው ካሌንደር ተሰቅሏል። የአምናዋ ጳጉሜ አምስት ናት። ኢቲዳል የዚያን ካሌንደር ሦስት መቶ ስልሳ አምስት ቀኖች አንድ በአንድ ከኮዷ ጋር አመሳከረች፤ ሁሉም ልክ መጣ። ተግቶ መሳሳት ማለት ይኼ ነው።

ጳጉሜ ስድስትን ኮዱ መስከረም አንድ ብሎ ይጠራታል። ከዚያ በኋላ ያለው ቀን ሁሉ በአንድ ይፋለሳል። የሰኞ ቀጠሮ ሁሉ በማክሰኞ ቀን ይነገራል።

አክስቷ ካርዱን ታርማለች። ስልኩ ግን ቀኑ ሲቃረብ ለወላጆች የተሳሳተ መልእክት መላኩን አያቆምም። «ቀጠሮ»ን የሚጠቀሙት ደግሞ መንጌ ብቻ አይደሉም። ካማሺ አለ፣ ሌላም ቦታ አለ። የካማሺ ጤና ሠራተኞች ደውለው የሚጠይቋት ኢቲዳል የምትባል የእህት ልጅ የላቸውም። ሚሬላ አዲሱ እትም ዓርብ እንደሚወጣ፣ ከሐሙስ በኋላ የሚመጣ ለውጥ ለሚቀጥለው ወር እንደሚያድር ጽፋለች።

እርማቱን ለመጻፍ አርባ ደቂቃ በቃት። በዚህኛው ጊዜ የስምንት ዓመት ካሌንደር ከኢንተርኔት አውጥታ አመሳከረች። የቀረው መላክ ነበር። ከላይ በኩል የማን ለውጥ እንደሆነ የሚያሳየው ቦታ ላይ የኡርጂ ስም ቁጭ ብሏል።

አንድ ጊዜ ብትጫን ያልቃል። ኡርጂ የራሷን ስህተት ራሷ ያረመች ጎበዝ ትባላለች። ይህን ስታስብ ኢቲዳል ጣቷን ከቁልፉ ላይ አነሳች። ሌላ ሐሳብም መጣባት፤ ይህኛውን ለራሷ እንኳ አላመነችም። ዝም ብትልስ? ስህተቱ ይወጣል፣ አዲስ አበባ ላይ፣ በአሰልጣኞቹ ፊት፣ በኡርጂ ስም። ሁለት ሳምንት የፈጀባት ኡርጂ እስቲ ታስረዳቸው። ለአንድ ደቂቃ ያህል ይህ ሐሳብ ጣፈጣት። ከዚያ ከወንዝ ማዶ የመጣችውን እናት አሰበች፣ ሐሳቡም ጣዕሙን አጣ።

ሦስተኛው መንገድ በራሷ ስም መላክ ነው። እሱ ደግሞ ከሁሉም ይከብዳል። መዝገቡ አይረሳም። ስሟ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወጣው በስህተት ይሆናል፣ ሚሬላም ታነበዋለች፣ የቅዳሜውም ሰውዬ። ተነስታ በክፍሉ ዞረች፣ ተመልሳ ተቀመጠች፣ እንደገና ተነሳች።

«ምን ነካሽ ዛሬ?» አሉ መምህር ነብዩ ወደ ቢሯቸው እየሄዱ።

«መጣሁ ቲቸር» አለችና ወጣች።

ኡርጂ ቤት በሩ ክፍት ነበር። አልጋው ላይ ላስቲኩ ያልተነቀለ አዲስ ሻንጣ ተዘርግቷል።

«ነይ ነይ! የቱ ያምራል፣ ይኼ ወይስ ያኛው?» አለች ኡርጂ ሁለት ሹራብ አንስታ። ከዚያ የጓደኛዋን ፊት አየችና ሹራቦቹን አወረደች። «ምን ሆነሻል?»

ኢቲዳል ቆማ ነገረቻት። ጳጉሜን፣ ሰኞና ማክሰኞን፣ አስራ አራቱን ካርድ። ኡርጂ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«አስተካክለሽዋል አይደል?»

«ጽፌዋለሁ። አልላክሁትም።»

«ባክሽ በእኔ አካውንት ላኪዋ፣ ምን ችግር አለው? ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

ኡርጂ የሻንጣውን ዚፕ ከፈተች፣ ዘጋች። «ይኼን አባዬ ነው የገዛልኝ» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አስረኛ ከጨረስሽ በቃሽ ሲለኝ የነበረ ሰው። ያን ቀን ስሜን ሲጠሩ ከኋላ ቆሞ ነበር። እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። አፌ እንቢ አለኝ፣ ኢቲ። በኋላ እያልኩ... ከዚያ ሬዲዮው መጣ፣ ከዚያ ስልጠናው መጣ። ኮዱን አስረጂ ቢሉኝ ምን እንደምል አላውቅም። ስንት ቀኔ ነው ካልተኛሁ።»

ኢቲዳል ልትጮህባት ነበር የመጣችው። መንገዱን ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት፤ «አስራ ዘጠኝ ቀን» ብሎ የሚጀምር። አሁን ግን «ስልኩ ሳይበላሽ አይቀርም» ያለችው የራሷ ድምፅ ጆሮዋ ላይ መጣባት። ንዴቷ አልጠፋም። ብቻ ንግግሩ አልወጣ አላት።

«በስሜ ልልከው ነው» አለች።

«እና እኔስ?»

«አላውቅም፣ ኡርጂ።»

ወጣች። ኡርጂ አልተከተለቻትም።

ኮምፒውተሩ ፊት ስትቀመጥ ከቀኑ አስር ሰዓት ሊሆን ነበር። በራሷ ስም አካውንት መክፈት ጀመረች። ስም፣ ኢቲዳል ማህጁብ። የትውልድ ቀን። ከዚያ ገጹ ማረጋገጫ የሚላክበት ስልክ ቁጥር ጠየቀ። ኢቲዳል ጭንቅላቷን ያዘች። የአባቷ ስልክ ባምባሲ ነው። መምህር ነብዩን ብትጠይቅ ለምን ይሏታል፣ ለምን ካሉ ደግሞ ሁሉንም ልትነግር ነው። ነገ ጠዋት አባቷ ሲመለስ ይደርሳል? ኔትወርኩስ ይኖራል? ዝናቡ እንደገና መጣል ጀምሯል፣ እግሯም ጠረጴዛውን መነቅነቅ።

በሩ ተከፈተ። ኡርጂ ከራስ እስከ እግሯ በስብሳ ቆማለች። ስልኳን ከሹራቧ ውስጥ አውጥታ፣ በእጇ ጠርጋ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ባጃጅ አጣሁ» አለች።

ኢቲዳል ቁጥሩን አስገባች። ሁለቱም ትንሿን ስልክ አፍጠው አዩ። ስልኩ ተንጫረረ። ኡርጂ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አነበበችላት፤ አካውንቱ ተከፈተ።

እርማቱ ተጫነ። ከሥሩ ማብራሪያ የሚጻፍበት ባዶ ቦታ አለ። ኢቲዳል የምትጽፈውን መጀመሪያ በደብተሯ ላይ በአማርኛ ሞከረችው። «አንድ ስህተት ተገኝቷል» ብላ ጻፈች። ሰረዘችው። «ጳጉሜ ተረስታለች» አለች። እሱንም ሰረዘችው፤ ጳጉሜ ራሷን አልረሳችም። ሦስተኛውን ረጅም ጊዜ አየችው፣ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ መልሳ አስገባችው።

«አርባ ሦስተኛውን መስመር በሚያዝያ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ። እርማቱ ይኸው።»

ኡርጂ ከትከሻዋ በላይ አነበበችው። ትንፋሿ ይሰማል። «የጻፍኩት እኔ ነኝ» የሚለው ላይ ዓይኗ ቆየ።

«ይኼን ያየ ሰው ሁሉ ያውቃል» አለች።

«ያውቃል። ስህተቴ ነው ለማለት ሥራዬ ነው ማለት አለብኝ። ሌላ መንገድ አጣሁለት።»

ኢቲዳል ቁልፉን ተጫነች። ትንሿ ክብ ዞረች፣ ዞረች፣ ቆመች። ከላይ፣ ስትመኘው በኖረችው ቦታ፣ ስሟ ወጣ። እንዳሰበችው አላስፈነጠዛትም። ግን የሷ ነበር።

ሌላ ቀን ቢሆን ወዲያው ማደሻዋን ትጫን ነበር፤ ሚሬላ ምን አለች፣ ማን አየው እያለች። አሁን ወንበሯን ወደኋላ ገፋችና ወንበሩ ላይ ወጥታ የአምናውን ካሌንደር ከምስማሩ አወረደች።

«ስልክሽን ትንሽ ታውሺኛለሽ? ለአክስቴ መደወል አለብኝ። ስልኩ ተበላሽቷል ብያታለሁ።»

ኡርጂ ሰጠቻት። ከዚያ በመስኮቱ በኩል ግቢውን እያየች «ቲቸር አሉ?» አለች።

«ቢሮ ናቸው።»

«ነገ ጠዋት፣ ከመሄዴ በፊት እነግራቸዋለሁ።»

ኢቲዳል መደወሏን ትታ ጓደኛዋን አየቻት። ከበሩ ኋላ የተሰቀለውን የመምህሩን ጥላ አንስታ ዘረጋችላት።

«አሁን ነው ያሉት» አለች።

ኡርጂ ጥላውን አየች። ውጭ ዝናቡ አላባራም። ከኮምፒውተር ክፍሉ እስከ ቢሮው ያለው ሜዳ ጭቃ ሆኗል፤ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። ጥላውን ተቀበለችና በሩ ላይ ቆመች።

«አብረሽኝ ትመጪያለሽ?»

ኢቲዳል የአክስቷን ቁጥር ጀምራ ነበር። ሰረዘችው፣ ስልኩን ኪሷ ከተተችና ጥላው ሥር ገባች።